ለእናቴ ያነበብኩላት

ሚዛን ተፈሪ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ስለ ስልክና ስለ ኢንተርኔት ጥንቃቄ ለወላጆች ገለጻ ይሰጥ ሲባል መምህራኑ ሁሉ ዘወር ብለው የሚያዩት እኔን ነው። ምላሴ ረጅም ነው፤ ቢያዩኝም አይከፋኝም። የማታውቁት ሰው የላከውን አትክፈቱ፣ የምሥጢር ቁጥራችሁን አትስጡ፣ ያያችሁትን ሁሉ አትመኑ እያልኩ አንድ ሰዓት ሙሉ እለፈልፋለሁ። ስጨርስ ያጨበጭቡልኛል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሲያጨበጭቡ ቀና ብዬ አላያቸውም።

የመጀመሪያዋ ተማሪዬ እናቴ ነበረች። እዚሁ አቅራቢያችን ሸዋ ቤንች አካባቢ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛን ገበያ ላይ የለመደች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። ወንድሜ የመንገድ ሥራ ማሽን ኦፕሬተር ሆኖ ሩቅ ክፍለ ሀገር ሲቀጠር በመጀመሪያ ደመወዙ ስማርት ስልክ ገዝቶ ላከላት። በየእሑዱ በቋንቋችን በቤንችኛ የድምፅ መልእክት ይልካል፤ እሷም ሰፈሩ እስኪሰማ እየጮኸች ትመልስለታለች። "እማ፣ ቀስ ብለሽ ብትናገሪም ይሰማዋል" ስላት "እዚያ ድረስ? ስንት ቀን መንገድ እንደሆነ ረሳሽው?" ትለኛለች።

ስልኩ በገባ በወሩ ጉድ አፈላች። ይህን ድምፅ ለዐሥር ሰው ያላስተላለፈ ቤቱ ይፈርሳል የሚል መልእክት ለዘመድ ሁሉ በተነች። ደም ግፊትን በሳምንት ያጠፋል የተባለ ቅጠል ቀቅላ ጠጥታ ሁለት ቀን ስታስመልስ ሰነበተች። ያኔ ተቆጣሁና አስቀምጬ አንድ ደንብ አወጣሁላት፦ ስልኩ ላይ ምንም ብታዪ፣ ምንም ብትሰሚ፣ ከማመንሽ በፊት እኔን ጠይቂኝ። "አሁን ደግሞ አንቺ እናቴ ሆንሽ?" ብላ ሳቀችብኝ።

ደንቡን ግን ከተማሪዎቼ ሁሉ አጥብቃ የያዘችው እሷ ናት። ቡና እየለቀመች እንኳ ስልኩ ላይ አንድ ነገር ካየች ቅርጫቷን አስቀምጣ ትመጣና "ይቺ እውነት ናት?" ትለኛለች። እኔ "ውሸት ነው" ካልኩ ውሸት ነው፤ "እውነት ነው" ካልኩ እውነት ነው። ነገሩ እዚያው ያልቃል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልደብቅም። በሕይወቴ ማንም እንደዚያ አምኖኝ አያውቅም።

ወንድሜ አንድ ሐሙስ ቀን ሞተ። የሚነዳው ማሽን ከገደል አፋፍ ላይ ተንሸራቶ ነው። ስልኩ የተደወለልኝ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ሳለሁ ነው። ያን ሰሞን መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር ሬሳውን ጭኖ ለመምጣት የሚደፍር ባለ መኪና አልተገኘም። ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት።

በእኛ ዘንድ እናት የልጇን ሞት በስልክ አትሰማም፤ ከአንድ ሰው አፍም አትሰማም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ፣ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ይደርስና ነው መርዶው የሚነገራት፤ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው እንዲኖር። ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ቴፒ ነው የሚኖረው። ደውዬ ስነግረው "ሰው ሰብስቤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ እንገባለን። እስከዚያ አንዲት ቃል እንዳታመልጥሽ፤ እንባሽንም ዋጥ አድርጊው" አለኝ።

ዋጥ አደረግሁት። ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብኩ፣ ወደ ቤት ሄጄ ከእናቴ ጋር እራት በላሁ። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል፤ ሰፈሩ በሙሉ ዝም አለ። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ከጅማ የመጡት ጎረቤታችን እናቴን ፊት ለፊት ላለማየት ዓርብ ዕለት ሱቁን ገርበብ አድርገው ዋሉ። ሁላችንም አፋችንን ስንጠብቅ ስልኩን ማንም አላሰበውም። እኔ፣ የጥንቃቄ አስተማሪዋ፣ ዳታውን እንኳ አላጠፋሁትም።

ዓርብ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ስልኩን ዘርግታ ጠበቀችኝ። የወንድሜ ፎቶ ነው። አብረውት የሚሠሩት ልጆች ለጥፈውታል፤ ከሥሩ "ነፍስህን በገነት ያኑራት" ይላል።

"ዛሬ ሰው ሁሉ ልጄን እየለጠፈው ነው። ምን አድርጎ ነው? አንብቢልኝ" አለችኝ።

ክው አልኩ። እውነቱን ብነግራት ሁለታችን ብቻ ነን፤ አጎቴ ገና ቴፒ ነው። "አላውቅም" ብላት አታምነኝም። ፊደል ባትቆጥርም ፊቴን ማንበብ ታውቅበታለች። ፊቴን ማስተካከል ነበረብኝ፤ ፊቴን የሚያስተካክል ወሬ ማግኘት ነበረብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አነበብኩላት።

"ዕድገት አግኝቷል። አለቃ አድርገውታል፤ እንኳን ደስ አለህ እያሉት ነው።"

"እውነት ነው?" አለች፣ ሁልጊዜ እንደምትጠይቀኝ አድርጋ።

"እውነት ነው እማ።"

እልል አለች። ነጠላዋን አደግድጋ ሦስት ጊዜ እልል አለች። ሳልይዛት ወጣችና መንገዱን ተሻግራ ወደ ሱቁ ሄደች። "ልጄን ሾሙልኝ!" ስትል ሰማኋት። ጎረቤታችን በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አይለቀኝም። ከዚያ "እንኳን ደስ አለሽ፣ አላህ ይጨምርልሽ" አሉና ስኳር የሚመዝኑ መስለው ጎንበስ አሉ። እናቴ በየቤቱ ዞረች። በየቤቱ እንኳን ደስ አለሽ ተባለች። ስትመለስ ለወንድሜ የድምፅ መልእክት ላከች፤ መረቀችው፣ ዘፈነችለትም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ አጎቴ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ገባ። ስለ ሹመቱ ሰምተው የመጡ መሰላት። "ግቡ፣ ግቡ" እያለች ወንበር ስታስተካክል ነው የነገራት። የሚይዟት ሰዎች ነበሩ፤ እንደታሰበውም ያዟት። ነፍሷ መለስ ስትል የፈለገችው እኔን ነበር።

"በልጄ ሬሳ ላይ እልል አስባልሽኝ" አለችኝ በቤንችኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አጎቴ ጣልቃ ገባ። "እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ወጉ ነው።"

"ወጉ ዝም በይ ይላል። አስጨፍሪያት አይልም" አለችው። እውነቷን ነው።

ድንኳኑ ከፈረሰ፣ ለቀስተኛውም ከተበተነ በኋላ ብቻዬን ቀረሁ። እናቴ ለጥያቄዬ በአንድ ቃል ትመልሳለች፤ ከዚያ ያለፈ አታወራኝም። የምተነፍስበት ባጣ ገጼ ላይ የእናታችንንና የወንድሜን ፎቶ ለጠፍኩና ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። የት ይሠራ እንደነበር፣ "እማዬ" እያለ ይጠራት እንደነበር፣ ሬሳውንም መቃብሩንም እንዳላየች፣ አንዱንም አላስቀረሁም። ለወላጆች "የቤታችሁን ገመና አደባባይ አታውጡ" የምል ሴት ነኝ። ብዙ ሰው አብሮኝ አለቀሰ። አንድ ሰው ደግሞ፣ የት እንዳለ አላውቅም፣ ጽሑፌን ለሥራው ወሰደው።

ከወር በኋላ በወንድሜ ስምና በዚያው ፎቶ የተከፈተ አካውንት ለእናቴ ጻፈላት። እኔ ዘንድ አላመጣችውም። መነኸሪያ ወርዳ፣ የሞባይል ካርድ ለምትሸጥ ለማታውቃት ሴት አሳየቻት። ሴትየዋም እንደተጻፈው አነበበችላት፦ "እማዬ፣ አልሞትኩም። የቀበሩት ሌላ ሰው ነው። ችግር ላይ ስለሆንኩ መደወል አልችልም፤ ገንዘብ ላኪልኝ፤ ለማንም እንዳትነግሪ።"

ነገሩን ያወቅኩት ጓዳ የነበረው ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና ተሸጦ ባዶ ማዳበሪያውን ሳገኝ ነው። እግሯ ላይ ወደቅኩ። "እማ፣ ሌባ ነው። ከእኔ ጽሑፍ ቃል በቃል ወስዶ ነው" ብዬ ስልኬን አውጥቼ የጻፍኩትን አነበብኩላት።

"የምታነቢው እኮ አንቺ ነሽ" አለችኝ።

"እና ያቺን ካርድ ሻጭ በምን አመንሻት?"

"አታውቀኝማ። ስለማታውቀኝ አታዝንልኝም። ካላዘነችልኝ ደግሞ ምን ብላ ትዋሸኛለች?"

አጎቴ ከቴፒ ድረስ መጥቶ ለመናት። ጎረቤታችን ለመኗት። ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንዱ ሞቱን የደበቃት፣ ሌላው ያን ዓርብ እንኳን ደስ አለሽ ያሏት ነበሩ። አካውንቱን አገድኩት፤ መነኸሪያ ወርዳ አስከፈተችው። ፖሊስ ጣቢያ አመለከትኩ፤ መዝግበው ያዙልኝ። በመጨረሻ "እሺ፣ በቋንቋችን አናግሪው። የላማችንን ስም ጠይቂው። እሱ ከሆነ ይመልስልሻል" አልኳት። ስልኩን ደረቷ ውስጥ ከተተችና ተነስታ ሄደች።

ለወላጆች የማልነግራቸው ይህን ነው። ሰው እውነቱን ከውሸቱ የሚለየው በስልኩ ብልሃት አይደለም፤ የሚያምነው አንድ ሰው ስላለው ነው። እናቴ ያ ሰው ነበራት፤ እኔ ነበርኩ። እስከዚያ ዓርብ ደንቡን አንድ ቀን እንኳ አላፈረሰችም፤ ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው እሑድ ከዝናብ በኋላ ጓሮ ስወጣ ቡናው ውስጥ ስልኩን አፏ ላይ አስጠግታ ስታወራ ሰማኋት። እንሰቱ ጀርባ ቆሜ አዳመጥኩ። በቤንችኛ ነው የምትናገረው፤ ያ ሌባ አንዲት ቃል አይገባውም። የላሟን ስም አልጠየቀችውም። ምን እንደበላ፣ የሚተኛበት ቦታ ብርድ እንዳለው ጠየቀችው። መንገዱ ተከፍቷል እየተባለ ስለሆነ ቶሎ እንዲመጣ ነገረችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እህትህ ሞተሃል ትለኛለች" አለችው። "አላመንኳትም፤ እንኳንም አላመንኳት።"