ከበር ኋላ የነበረው ጆንያ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ጨቅጭቃ ሐይቁ ዳር ካሉት አዳራሾች በአንዱ ስልጠና አስገባችኝ። ለጡረተኞች የተዘጋጀ ነው ተባለ። አሰልጣኙ በዕድሜ ከልጄ የሚያንስ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ነው። ትንንሽ ወረቀት አደለንና የሚያስጨንቁንን ነገሮች ለየብቻ እንድንጽፍ፣ ከዚያ አንዱን ብቻ አስቀርተን ሌላውን ቅርጫት ውስጥ እንድንጥል አዘዘን። "አንድ ግብ ብቻ! ሌላው ይጠብቃል!" አለ እያጨበጨበ። ሰው ሁሉ እየተነሳ ጣለ። እኔ ወረቀቶቼን ጨብጬ ቀረሁ።

"እናቴ፣ ምነው? መምረጥ ከበደዎት?" አለኝ አጠገቤ መጥቶ።

"ይህን ትምህርት ድሮ ተምሬዋለሁ" አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ያስተማረኝ አባቴ ነው። እዚሁ ፒያሳ ውስጥ አንድ በር ያላት ልብስ ስፌት ቤት ነበረችው። ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት፤ ደርግ በሥልጣን ላይ ነው፣ ታክሲያችን ጋሪ ነው፣ በበጋ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አባባ በበዓል ሰሞን ሥራ ሲበዛበት አንድ ልማድ ነበረው። የተቆረጠውን ጨርቅ ሁሉ ጆንያ ውስጥ ይከትና ከበር ኋላ ያቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ልብስ ብቻ ይቀራል። "ክምሩን እያየሁ ከሰፋሁ እጄ ይሰንፋል" ይል ነበር። እውነትም እንደሱ ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ በሰፈሩ አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። ቤቱ እኔ ላይ ወደቀ። ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ጽሕፈትሽ ያምራል ብሎ ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረገኝ፤ እምቢ ማለት የሚባል ነገር በዚያ ዘመን የለም። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየሰው ቤት ተደብቀን እንሰበሰብ ስለነበር መዝሙር የምገለብጠውም እኔው ነኝ። በአንዲት እስክሪብቶ "ወደፊት!" እና "ሃሌ ሉያ" እጽፍ ነበር እላችኋለሁ።

ወንድሜ ማቴዎስ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ በክፍል ግን አንድ ዓመት እቀድመዋለሁ፤ ወባ ሁለት ጊዜ ከትምህርት አስቀርታዋለች። "ፕሮፌሰር" ነበር የሚለኝ። የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ ሲመጣ አባባ ነገሩ እስኪበርድ ይርጋለም አክስታችን ዘንድ ላከው። በቀበሌያችን ተማሪ የሆነ ሁሉ ከትምህርት ቤቱ ማስረጃ ካስገባ ለዚያ ዙር ይታለፋል ተባለ። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ማክሰኞ ማስረጃውን አወጣሁለት። ማኅተሙ ገና አልደረቀም ነበር። ቀበሌ ስሄድ ጸሐፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ነይ አሉኝ። ማስረጃውን በፖስታ አድርጌ የቃለ ጉባኤው ደብተር ውስጥ ሸጉጬ ወደ አባባ ሱቅ ሄድኩ።

እዚያ እንደደረስኩ እንባዬ መጣ። ፈተናው የፊታችን ሰኞ ነበር።

"አባባ፣ አልቻልኩም። ሁሉም ባንዴ ነው የሚጠራኝ።"

የስፌት መኪናውን አቁሞ አየኝ። "ከሁሉ የቱ ነው ያንቺ?"

"ማትሪክ።"

"በይ ሌላውን እዚህ ክተቺው" ብሎ የጆንያውን አፍ ከፈተልኝ።

ከተትኩ። የመዝሙሩን ወረቀት፣ የመሠረተ ትምህርቱን መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤውን። ፖስታው ደብተሩ ውስጥ እንዳለ አውቅ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስንት ዓመት ጠይቄያለሁ። አውቅ ነበር። ነገ አወጣዋለሁ ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት፣ ዛሬም ስናገረው አፍራለሁ፣ ደስ የሚሉ ነበሩ። ደብተሬን ይዤ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል እወርዳለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ፣ እኔ ከዛፍ ሥር ሎጋሪዝም እሠራለሁ። ማንም አይጠራኝም። ጭንቅላቴ ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ረቡዕ አለፈ፣ ሐሙስም አለፈ።

ዓርብ ማታ እራት ላይ አባባ "የማቴዎስን ወረቀት አስገባሽ?" አለኝ። መጽሐፉ ጉልበቴ ላይ ነው፣ አንድ ስሌት ልጨርስ ሁለት መስመር ቀርቶኛል። ቀና ሳልል "አዎ" አልኩት። እንዲተወኝ ነው።

በማግስቱ አባባ ወረቀቱ መግባቱን አምኖ ለማቴዎስ በአውቶብስ ረዳት "ና" ብሎ ላከለት። ማቴዎስ እሑድ ከአክስታችን የተላከ ቆጮና አናናስ ተሸክሞ፣ እያፏጨ ገባ። "ፕሮፌሰር፣ ነገ ፈተናውን ቆርጥመሽ ብይው!" አለኝ። ያኔ ፖስታው ትዝ አለኝ። ከፈተናው መልስ አስገባዋለሁ፣ ባንድ ቀን ምን ይመጣል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ሰኞ ከፈተና እየዘለልኩ ወጣሁ፤ ቀሎኝ ነበር። ቤት ስገባ ገበታው ላይ ግማሹ የተበላ ቆጮ አለ። አባባ ቆሟል።

"ወሰዱት" አለኝ። "ወረቀት አስገብቻለሁ አላቸው። ዝርዝሩን አዩና የለህም አሉት።"

ወደ ሱቁ ሮጥኩ። ጆንያውን ዘረገፍኩ። ፖስታውን ይዤ ቀበሌ ስደርስ ጸሐፊው ከመዝገቡ ቀና ብሎ፣ "ጓድ፣ ቀኑ ዓርብ ነበር እኮ። ዝርዝሩ ወደ አውራጃ አልፏል፣ መኪናውም ወጥቷል" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም።

በማግስቱም ፈተና ነበረ። ሄድኩ። ሄጄም ደህና ሠራሁ።

ማቴዎስ ካለበት የወታደር ማሰልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣልን። ለአባባ ሰላምታ፣ ለእኔ አንዲት መስመር፦ "ፕሮፌሰር፣ ስንት አመጣሽ?" መልስ ጻፍኩለት፤ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ደርግ ወድቆ የተበተኑት ወታደሮች በእግራቸው ወደየአገራቸው ሲያልፉ አባባ ሱቁን ዘግቶ በሻሸመኔ መንገድ ዳር ስንት ቀን ቆመ። የጎረቤት ልጆች መጡ። የኛ አልመጣም።

አባባ እስኪሞት አንድም ቀን "ለምን?" አላለኝም። ቢለኝ በተሻለኝ። ብቻ ጆንያውን ከበር ኋላ አንስቶ ለሰው ሰጠው። ከዚያ ወዲህ የደንበኛውን ልብስ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ከምሮ፣ በየመሐሉ እጁን ሰዶ እየቆጠረ ነበር የሚሰፋው። ሥራው ተጓተተ፣ ስፌቱም ተንሻፈፈ፣ ደንበኞቹም ሸሹት።

አሰልጣኙ ክፉ ነገር አላስተማረም። ሰው ሁሉን ባንዴ አይችልም፤ ይህ እውነት ነው። የምንጥለው ወረቀት ላይ የማን ስም እንዳለ ግን አልጠየቀም፣ አባባም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ወረቀቶቼን በቦርሳዬ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩና ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። የማትሪክ ውጤቴና የማቴዎስ ማስረጃ አንድ ላይ ናቸው። የእኔው ሥራ ፍለጋ ብዙ ቢሮ ዞሮ ጠርዙ አልቋል። የእሱ አዲስ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታጠፈው።