ስሟ ብቻ የሚገባ ሴት

በግንቦት 1983 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ነገሌ ቦረና ላይ ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ሳያባራ ዋለ። ቀዩ አፈር ቀልጦ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ከጦር ሰፈሩ የተበተኑ ወታደሮች የጣሏቸው ቡትስ ጫማዎች በጎርፍ እየተንከባለሉ ወደ ገበያው ይወርዳሉ። አሸቱ ዲባ ያን ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አገሩ ሲረበሽ አባቷ ቤተሰቡን ተልተሌ ዘመድ ቤት ስላሸሸ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀርታለች። ስትመለስ ስሟ ከመዝገብ ተሰርዟል። ለክፍል ኃላፊው ምክንያቷን እንድታስረዳ ተነገራትና ቢሮው በር ላይ ሄዳ ቆመች።

እሷ ባደገችበት ቤት ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ቀድሞ አይናገርም። ደጅ ላይ ይቆማል፤ "ኮቱ፣ ነዪ" ሲባል ይገባል፤ "ምን ፈለግሽ?" ሲባል ይናገራል። መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። ከቀሚሷ ጫፍ ውሃው ሲሚንቶው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ደወል እስኪደወል ቆመች። በነጋታውም ቆመች። መምህሩ ቀና ብሎ አላያት ይሆናል፤ ወይም አይቷት እስክትናገር ሲጠብቅ ነበር ይሆናል፤ ይህን እስከ ዛሬ አታውቅም። በሦስተኛው ቀን አባቷ፣ "አልፈለጉሽም ማለት ነዋ፣ ተይው" አላት።

ተወችው። በሩ ግን እሷን አልተዋትም። አግብታ፣ ወልዳ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በማታ ትምህርት አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ከተቀጠረች በኋላ እንኳ፣ በር ላይ ቆማ የምትንጠባጠብ ልጅ በሕልሟ ትመጣባት ነበር። ካርድ ክፍሉ ራሱ ለእንዲህ ያለ ሕልም የተመቸ ነው። የሞቱት ሰዎች ካርድ ከሕያዋኑ መሀል ተቀላቅሎ ይቀመጣል፤ ለይታ ስታወጣው ስሙን በከንፈሯ ብቻ ታነባለች።

በ2014 ክሊኒኩ ዲፕሎማ የሌለው፣ ተመዝግቦም የማይማር ሰው ካርድ ክፍል እንደማይቆይ አስታወቀ። አሸቱ በኢንተርኔት በሚያስተምር ኮሌጅ ተመዘገበች። የመጀመሪያውን የቤት ሥራ በሞባይሏ ልትልክ ስትል ኔትወርክ ሁለት ቀን ሙሉ ጠፋ፤ ሲመለስ ቀኑ አልፎ ዜሮ ተጽፎባት ጠበቃት። መምህሩ የቤት ሥራውን እንደገና ካልከፈተላት ፈተና አትቀመጥም። ፈተና ካልተቀመጠች ካርድ ክፍሉን ትለቃለች።

መምህሩ ኃይለማርያም ይባላል፤ የልጇ እኩያ ነው፤ አዋሳ ሆኖ ያስተምራል። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ በየሳምንቱ እንዲህ ይጽፋል፦ "ረቡዕ ከቀኑ አሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በዚህ ሊንክ አለሁ። ችግር ያጋጠመው ይግባ፣ እንነጋገር። ማፈር አያስፈልግም። ስልሳ ተማሪ ይዤ ብቻዬን ነው የምቀመጠው።"

በመጀመሪያው ረቡዕ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ሆና በስልኳ ገባች። ከመምህሩ ምስል አጠገብ አንድ ጥቁር ሳጥን አለ፤ ውስጡ "አሸቱ" የሚል ጽሑፍ። ሌላ ማንም የለም። መምህሩ ወረቀት ያርማል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀና ሳይል፣ "ሰው ካለ ይጠይቅ" አለ። ስሟን ግን አልጠራም። ሥራውን እስኪጨርስ ጠበቀች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ምስሉ ጠፋ።

በሁለተኛውም ረቡዕ እንዲሁ ሆነ። ነገሌ ደህና ዝናብ ካየች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ነፋሱ ከከተማው ዳር የሞተ ከብት ሽታ ያመጣል። አሸቱ ግን ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠች ከጀርባዋ ጠብ፣ ጠብ የሚል ሰማች። ዞራ አየች። ወለሉ ደረቅ ነው። በሦስተኛው ረቡዕ ዞራ ማየት ፈራች።

በአራተኛው ረቡዕ አብራት የምትሠራው ሚልኪ ካርድ ልትመልስ ስትገባ አገኘቻት።

"አዴ አሸቱ፣ ከማን ጋር ተኳርፈው ነው?"

"ቀስ በይ! መምህሬ ነው፤ ሥራ ላይ ነው።"

"ሥራው እኮ አንቱን መስማት ነው! ስንተኛዎ ነው?"

"አራተኛዬ።"

"አራት ረቡዕ! ሰውዬው ነቢይ ነው እንዴ፣ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቀው?"

"ስሜን ይጠራኛል ብዬ ነው።"

"በዋቃ፣ በፈጣሪ፣ አሁን ካልተናገሩ እኔ ነኝ የምናገረው። 'ይህቺ ሴትዮ አፍ የላትም' ነው የምለው።" እጇን ሰዳ ማይኩን ከፈተችው።

አሸቱ ደነገጠች፤ አፏ ላይ የመጣላት ሰላምታው ነበር። "አካም ጅርቱ፣ መምህር? ናጋ? ቤተሰብ ናጋ? እናንተ ዘንድስ ዝናቡ እንዴት ነው?"

የመምህሩ እስክሪብቶ ከእጁ ወደቀ።

"ማነው? አሸቱ፣ አንቺ ነሽ? ይቅርታ… እርስዎ ነዎት? በየሳምንቱ ይገቡ የነበሩት?"

"እኔው ነኝ። እስኪጠሩኝ ስጠብቅ ነበር።"

ፊቱን በእጁ አሸት አደረገ። "አምና አንድ ተማሪ ሞቶብኝ ነበር። ስሙ ግን ረቡዕ ረቡዕ እየገባ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ብጠራው እናቱ እያለቀሱ መለሱልኝ፤ ስልኩ እሳቸው ጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝም ያለ ስም መጥራት እፈራለሁ።"

አሸቱ ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ዜሮው፣ ስለ ካርድ ክፍሉ ነገረችው። አላቋረጣትም። ስትጨርስ የውጤት መዝገቡን ገልጦ አየ።

"ውጤቱን ለሬጅስትራር የላክሁት ሰኞ ነው" አላት። "እስከ እሁድ ድረስ በእኔ እጅ ነበር። ባለፈው ረቡዕ አንድ ቃል ቢሉኝ እዚያው እከፍትልዎ ነበር።"

"ባለፈው ረቡዕ እዚሁ ነበርኩ።"

"አዎ" አለ። "ነበሩ።"

ደብዳቤ ጻፈላት፤ ኮሌጁ አልተቀበለውም። ሐምሌ ላይ አሸቱ የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ለአንዲት አዲስ ምሩቅ አስረከበች። የዚያን ቀን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጻፈች፤ እዚያ ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው፦ "ልጆች፣ ረቡዕ ግቡና ተናገሩ። እስኪጠራችሁ አትጠብቁ፤ እሱም እየጠበቃችሁ ነው።" ሁለት ሰው ብቻ መለሰላት፤ አንደኛው "ማን ነሽ?" ብሎ ነው።

አሸቱ ዲባ አሁን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚያው ነገሌ፣ በክሊኒኩ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ያንኑ ትምህርት እንደ አዲስ ተመዝግባ ከመጀመሪያው እየተማረች ነው።