ዘይትና ዱቄት በአንድ በርሜል

መምህር ተካልኝ እዚህ ሪያድ፣ ሹመይሲ ሰፈር በሚገኝ ሆስፒታል ካረፉ ዛሬ አርባ ቀን ሞላቸው። ጭስ ሳንባቸውን ጎድቶት ስድስት ቀን በመተንፈሻ መሣሪያ ቆይተው ነበር። መርዶውን ሪያድ ያላችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ ሰምታችኋል፤ ግን ከአንድ ወሬ ጋር ነው የሰማችሁት። «ኬሚካል ሲቀምሙ ተቃጠሉ» ይባላል። አልቀመሙም። ሥራዬ ጋዜጠኝነት ነውና ያረጋገጥኩትን ብቻ እጽፋለሁ።

አገር ቤት ሳሉ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበሩ። እዚህ የመዋኛ ገንዳ ማጽጃ የሚሸጥ ሱቅ መጋዘን ይጠብቁ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቃቸውም፤ ክብሪት ያልነካው ነገር እንዴት ይነድዳል? «እሳት ብቻዋን አትበላም፤ የሚያጎርሳት አላት» ይሉ ነበር። «አንዳንዱ ዱቄት ራሱ አይነድድም። የሚነድድ ነገር ሲያገኝ ግን እያጎረሰ ያነድደዋል።»

ያ ጉጉት አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ከእጃቸው አመለጠ። ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩ ያዘጋጁት ሙከራ ፈነዳና አንዲት ልጅ ግራ ዓይኗን አጣች። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «የጓጓሁት እኔ፣ የከፈለችው እሷ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ያነብባሉ እንጂ አይሞክሩም ነበር።

ዕቃ በበርሜል አሽጎ ወደ አገር ቤት መላክ የሁላችንም ልማድ ነው። እርሳቸው ዓርብ ዓርብ እየዞሩ የሚታሸገውን ይፈትሹ ነበር። አንድ ቀን ራውዳ ወደሚባለው ሰፈር አብሬያቸው ሄድኩ። አንዲት የቤት ሠራተኛ እህታችን ዘይት፣ ብርድ ልብስና ከአሠሪዋ የገንዳ ማጽጃ የተረፈ የክሎሪን ዱቄት ደርድራ አገኘናት። ዱቄቱ ለእናቷ የጉድጓድ ውኃ ነው።

«ቲቸር፣ ጉምሩክ ተቀጠሩ እንዴ?»

«ጉምሩክ ቢሆን ያሳልፍሽ ነበር። ዱቄቱን አምጪ።»

«ወላሂ፣ ለእናቴ ነው!»

«እናትሽ የውኃ መድኃኒት ከጤና ጣቢያ ያገኛሉ። አንቺን ከየት ያገኛሉ? ያላ፣ አምጪ።»

እየሳቀች ሰጠቻቸው።

ነሲም ሰፈር በአንድ ክፍል የሚኖሩ እህቶቻችን በርሜል ግን ሳይፈተሽ ነበር የታሸገው። ውስጡ ያለው ዘይት ፈሰሰና አብሮት ከታሸገው የክሎሪን ዱቄት ጋር ተገናኘ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ መጨስ ሲጀምር፣ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ለእሳት አደጋ አልደወሉም። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላቸውም። ከእሳት አደጋው ጋር ፖሊስ ይመጣል፤ ከፖሊስ በኋላ ያለው ተርሒል ነው፣ መባረር። ስለዚህ የደወሉት ለመምህር ተካልኝ ነው። እርሳቸው መንገድ ላይ ሆነው ለእኔ ደወሉ።

«ወንድሜ፣ የነሲሞቹን ልጆች ቤት ታውቀዋለህ። በርሜላቸው እየጨሰ ነው። አውጥቼያቸው ዞር እስኪሉ ለማንም እንዳትናገር።»

«ቲቸር፣ ለእሳት አደጋ አሁኑኑ ልደውል።»

«እስክነግርህ ጠብቅ አልኩህ እኮ! ኸላስ።»

ጠበቅኩ። ስልኬ ላይ ያለው መዝገብ እንደሚያሳየው አሥራ አንድ ደቂቃ። ከዚያ በኋላ እርሳቸው ሳይደውሉ እኔ ለእሳት አደጋ ደወልኩ። ሠራተኞቹ ሲደርሱ መምህር ተካልኝ ደረጃው ላይ ወድቀው አገኟቸው። ጭሱን የጠጡት ታማ የተኛችውን የመጨረሻዋን ሴት ተሸክመው ሲያወጡ ነበር።

ያቺ ሴት በኋላ ተይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ከዚያው ደወለችልኝ። «ያሸግነው እኛ ነን» አለችኝ። «ዱቄቱን ይወስዱብናል ብለን ከእሳቸው ደብቀን። እስካሁን ዝም ያልኩት ተርሒልን ፈርቼ ነው። አሁን ምን ያደርጉኛል? የእሳቸው ስም ግን መጥፋት የለበትም። ጻፈው።»

ቲቸር፣ እነሆ ጻፍኩት። በርሜሉ የእርስዎ አልነበረም፤ እሳቱንም እርስዎ አላስነሱትም። ይህን ከእንግዲህ ማንም አያጣምመውም። የእኔን አሥራ አንድ ደቂቃ ግን የሚያርም ጋዜጣ የለም። ስልኬ በጠራ ቁጥር «ወጥተዋል፣ አሁን ደውል» የሚሉኝ እየመሰለኝ ፈጥኜ አነሳዋለሁ። እርስዎ ግን አይደሉም።

ሁሉም ወጥተዋል፣ ቲቸር። አንዲትም አልቀረች። አሁን ይረፉ።