ታየች ያጠፋቻቸው ሾርትከቶች

ታየችን ቅናተኛ ናት ብሎ የሚያማት ሰው አልነበረም። ጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስትሠራ ፀጉሯ ሽበት አውጥቷል፤ የስንቱን ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ታይፕ አድርጋለች። ደንበኛዋ ሌላ ቤት ሲሄድ እንኳ «ይቅናው» ብላ ታልፋለች። የመሪጌታ ቤዛብሕ መጽሐፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

መሪጌታ ከቁስቋም እየወረዱ የሚያስጽፉት የዜማ መጽሐፍ ነበር። በዜማ መጽሐፍ ከፊደሉ በላይ ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ የሚናገሩ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። ኪቦርዱ ላይ ግን የሉም። ከረጅም የምልክት ሠንጠረዥ እየተለቀሙ ነው የሚገቡት፤ ዐይን የሚያጠፋ ሥራ ነው። ታየች አንድ ሰሞን ተቀምጣ ለእያንዳንዱ ምልክት የራሱን ሾርትከት፣ በአንድ ንክኪ የሚያስገባውን አቋራጭ ቁልፍ፣ አበጀችለት፤ ለይዘት አንድ፣ ለደረት አንድ፣ ለርክርክ አንድ። ከዚያ ወዲያ መሪጌታ ሲያዜሙ ጣቷ ከድምፃቸው እኩል ይደርስ ጀመር።

«መጽሐፉ ሲያልቅ እንደ ብራና ጸሐፊዎቹ ሥርዓት ስምሽ መጨረሻው ላይ ይገባል» አሏት ደስ ብሏቸው። «ያነበበ ሁሉ በጸሎቱ ያስብሻል።»

ታየች ልጅ አልወለደችም፤ ነገ ስሟን የሚያነሣላት የለም። ያቺን ቃል ልቧ ውስጥ አስቀመጠቻት።

መጽሐፉ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው እናቷ ታመሙና ሸጎሌ ሄዳ ስታስታምማቸው ሰነበተች። ስትመለስ ወንበሯ ላይ አዲሷ ታይፒስት ሐመልማል ተቀምጣለች። በእሷው ኮምፒውተር፣ በእሷው ሾርትከት፣ ከመሪጌታ ጎን!

«እንኳን ደህና መጣሽ እትዬ ታየች! ሾርትከቶችሽ እንዴት አሪፍ ናቸው በናትሽ፣ ወዲያው ነው የለመድኳቸው።»

«እንኳን ተመቹሽ» አለች ታየች። ሆዷ ግን እርር ድብን አለ። መሪጌታ «ጀምራዋለችና ትጨርሰው፣ አንቺ ዕረፊ» ሲሏት ጭራሽ ባሰባት። ዕረፊ ሲሏት ውጪ ያሏት መሰላት። የልጅቱ ሳቅ አስጠላት፣ የተቀባው ጥፍሯ አስጠላት፣ «መሪጌታ» ስትል የምታቀልጠው ድምፅ አስጠላት። የስሜን ቦታ ልትወስድብኝ ነው አለች በልቧ።

ሁለቱም ለምሳ ሲወጡ ታየች ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና ሾርትከቶቹን አንድ በአንድ አጠፋች።

ሐመልማል ተመልሳ ቁልፉን ብትነካ ምንም የለም። «እኔው ነካክቼው ይሆናል» ብላ ራሷን ወቀሰች እንጂ ማንንም አልጠረጠረችም፤ ከሠንጠረዡ ትለቅም ጀመር። ታየች፣ መሪጌታ ተሰላችተው «ታየች፣ ነይ እስቲ» እስኪሉ ጠበቀች። እሳቸው እቴ! ልጅቱ አንዱን ምልክት እስክታገኝ ድረስ ስለ ምልክቱ ያስተምሯታል፤ እሷም ከነዜማው ትከተላቸዋለች። ታየችን እንዲህ አስተምረዋት አያውቁም፤ ፈጣን ነበረችና ጊዜውንም አልሰጠቻቸው። ቅናቷ እጥፍ ሆነ።

የመጨረሻው ገጽ ደረሰ። «እንግዲህ የጸሐፊዋ ስም» አሉ መሪጌታ። በሌላው ኮምፒውተር ማመልከቻ የምትጽፍ መስላ ታዳምጥ የነበረችው ታየች ጣቶቿን አቆመች።

«የኔን እንዳያስገቡ!» አለች ሐመልማል ፈጥና። «እኔ ምን ሠራሁ? መጽሐፉ የእትዬ ታየች ነው።»

«መቼ ያንቺን አልኩ?» ሳቁ መሪጌታ። «እናቷን ስታስታምም ደክማለች ብዬ ነው ዕረፊ ያልኳት እንጂ ቃሌንማ አላጥፍም። ታየች፣ የክርስትና ስምሽን ንገሪን እስቲ።»

«ወለተ ጊዮርጊስ» አለች ታየች።

ሐመልማል ጻፈችው። ስሙን ከግራና ከቀኝ የሚያስጌጠው፣ አበባ የሚመስለው የነጠብጣብ ምልክት ቀረ። እሱም ሾርትከት ነበረው። ልጅቱ ዐይኗን አሸት አሸት አድርጋ ሠንጠረዡን ከላይ ጀምራ ትፈልግ ገባች።

«አንዴ ታገሺኝ እትዬ» አለች ዞር ሳትል። «ለስምሽማ ሳላገኘው አልነሣም።»

ታየች ቁልፉ የቱ እንደነበር ታውቃለች። ያጠፋችው ቁልፍ ግን አሁን አይሠራም፤ ወንበር ስባ ከልጅቱ ጎን ተቀመጠችና እሷም ከሠንጠረዡ ግርጌ ጀምራ አብራት ትፈልግ ገባች።