መሬቱ ሰመጠ ያልኩ ዕለት

የመሬት ልኬት ባለሙያ ነኝ ስል ሰው ፊቴ በፀሐይ የጠቆረ፣ ጫማዬ አቧራ የለበሰ ይመስለዋል። እኔ ግን የምውለው ድሬዳዋ መሀል፣ ቬንትሌተር ስር፣ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ ነው። ሳተላይት በራዳር ያነሳውን ምስል እያየሁ የትኛው ቦታ መልኩን እንደቀየረ እለያለሁ። ባልደረባዬ ደግሞ ቦታው ድረስ ሄዳ ሌዘር የተገጠመለት ድሮን ታበራለች፤ የመሬቱን ከፍታ ትለካለች። ላቡ የእሷ፣ ሪፖርቱ የእኔ።

ካቻምና ከክረምቱ በኋላ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ጀልዴሳ ውስጥ ያለ፣ በበጋ የሚደርቅ አንድ የአሸዋ ወንዝ በራዳሩ ምስል ላይ ተለውጦ ታየኝ። ከክረምቱ ጎርፍ በፊት የተወሰደ የሌዘር ልኬት ነበረን፤ ባልደረባዬ እንደገና ለካችው። ሁለቱን አቀናንሼ ካርታውን ስከፍት ወንዙም ዳርቻውም ቀይ ሆኗል። ቀይ ማለት የሰመጠ ማለት ነው። መደንገጥ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ትልቅ ነገር አገኘሁ!

በማግስቱ ከባልደረባዬ ጋር ሄድን። የመንደሩ ሰው ግራር ስር ተሰበሰበ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀሰርኩ።

«ከላይ ሆነን አይተናል። መሬታችሁ ሰምጧል። ልጆችም ከብቶችም ወደ ወንዙ እንዳይጠጉ።»

ባልደረባዬ በሶማልኛ ተረጎመች። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ ተነሱና «ና» ብለው እጄን ይዘው ወንዙ ዳር ወዳለው የፍየል በረታቸው ወሰዱኝ።

«ይሄ አጥር ደረቴ ድረስ ነበር» አሉኝ በአማርኛ። አሁን ጉልበታቸው ጋ ነው፤ የቀረውን ጎርፉ ያመጣው አሸዋ ውጦታል። «መሬቱ ከሰመጠ እኔ ነኝ የረዘምኩት?»

የተከተለን ሰው ሁሉ ሳቀ። ባልደረባዬ ሻሿን አፏ ላይ ያዘች።

«አዴር፣ ኮምፒውተር እኮ አይሳሳትም» አልኳቸው፣ በሶማልኛ አጎቴ ብዬ። አልተሳሳተምም። መኪና ውስጥ ገብቼ ላፕቶፔን ስከፍት ጉዴን አየሁ፤ ከአዲሱ ልኬት ላይ አሮጌውን መቀነስ ሲገባኝ ከአሮጌው ላይ አዲሱን ቀንሻለሁ። ሁለት ዲግሪ ይዤ መቀነስ አቃተኝ። ቀይ የሆነው ሁሉ የሰመጠ ሳይሆን ከፍ ያለ መሬት ነበር።

ቶሎ ወደ ድሬ ተመልሼ መደበቅ ፈልጌ ነበር። ባልደረባዬ ግን ስክሪኑን አተኩራ እያየች «ቆይ፣ ወንዙ ራሱ በአሸዋ ከሞላ የሚቀጥለው ጎርፍ በየት ሊያልፍ ነው?» አለች።

አሁን ከወንዙ ይልቅ ዝቅ ብሎ የቀረውን መስመር በካርታው ላይ ተከተልን። በበረቱ በኩል አልፎ ሦስት ቤቶች መሀል ይገባል።

ወርጄ እነዚያኑ ሰዎች «ቅድም የተናገርኩት ስህተት ነው፤ አሁን የምነግራችሁን ግን እመኑኝ» ማለት ነበረብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያላበኝ ቀን የለም። ሽማግሌው ካርታውን ሳይሆን ወንዙን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና «ይሄስ እውነት ነው» አሉ። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ በረቱም ሦስቱም ቤተሰቦች ወደ ከፍታው ተዛወሩ።

ጎርፉ በነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሽማግሌው ደወሉልኝ።

«ውሃው ባልከው መጣ። ቤቶቹን ወሰደ፤ ሰው ደህና ነው፤ ፍየሎቹም ደህና ናቸው። አላህ ይስጥህ፤ አንተ አዋቂ ነህ።»

«ምንም አይደል፣ ሥራችን ነው» አልኩ ድምፄን ጎርነን አድርጌ። «ጎርፉ በየት ሊያልፍ ነው?» ብላ የጠየቀችው ባልደረባዬ እንደሆነች መናገር እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። እሷም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያየችኝ ነበር።