በሁዳዴ የታረደ አውራ ዶሮ

የሽምቅ ውጊያ ሁለት ጊዜ ተምሬአለሁ። መጀመሪያ ባሕር ዳር፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ በውይይት ክበብ ነው። ካድሬው የቬትናምን ዋሻ፣ የኩባን ተራራ፣ የአልጄሪያን በረሃ እያነሣ ምራቁ እስኪደርቅ ያወራልናል። እነዚያ ሁሉ ጀግኖች ነበሩ። እኛ አገር ጫካ የገባው ግን ወንበዴ ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ሁለተኛው ዘጌ ነው። ከእነዚያ ወንበዴ ከተባሉት ጋር ያለው ጦርነት ወደ እኛ፣ ወደ ይፋግ ሲቃረብ የውትድርናው አፈሳ በረታ፤ ከሹም አቦ ሰፈራችን ጓደኞቼ ተለቅመው ሄዱ፤ ብዙዎቹም አልተመለሱ። አባቴ ቡና ነጋዴ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና የሚገዛው ዘጌ ካሉ አንድ መሪጌታ ነው። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ብሎ በታንኳ እሳቸው ዘንድ ላከኝ። የእስላም ልጅ ከመሪጌታ ቤት ይገኛል ብሎ የሚጠረጥር የለማ።

መሪጌታው በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበሩ። ገና እንደ ደረስሁ ሕጋቸውን አወረዱብኝ። በሄድህበት መንገድ አትመለስ። ቀን ቀን ቡናው ውስጥ ዋል። ወፍ ድንገት ዝም ካለ አንተም ዝም በል። የበላኸውን ትራፊ ቅበር። እንደ ቆሎ ተማሪ በየማለዳው ያስደግሙኛል፤ ከተሳሳትሁ ከሀ ያስጀምሩኛል። እኔ ደግሞ ቶሎ ግልፍ የምል ሰው ነኝ። "አባባ፣ እኔ መች ልዋጋ መጣሁ? ሸሽቼ ነው እኮ!" አልኋቸው አንድ ቀን።

"መሸሽ የማያውቅ ምን ሽምቅ ተዋጊ ነው?" ብለው ሳቁብኝ።

የክበቡን ትምህርት ስነግራቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቬትናሞች ዋሻ ቆፍረው እንዲህ አደረጉ ስል፣ "ማን አበላቸው?" ኩባዎቹ ተራራ ወጥተው ስል፣ "ማን አበላቸው?" ካድሬው እህል አንሥቶ አያውቅም። "እኛን ያበሉን ሴቶች ናቸው" አሉኝ። "ጣሊያን ቤት ያቃጠለው በእነሱ ላይ ነው። ሜዳሊያው ግን ለእኛ ተሰጠ።"

ባለቤታቸውን እማማ እላቸዋለሁ። ሃይማኖቴ እንዳይነካ ብለው፣ የእነሱ ሥጋ ያልነካው ድስት፣ ሳሕንና ኩባያ ለይተውልኝ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ቤቱ ሽሮና ጎመን ብቻ ሆነ፤ እኔም ከሳሁ። እማማን አላስቻላቸውም። አንድ ቀን መሪጌታው ቅዳሴ እንደ ሄዱ፣ ለፋሲካ ያስቀመጡትን አውራ ዶሮ አንጠልጥለው መጡ። "በሃይማኖትህ እረደው። የአደራ ልጅ አጥንቱ ወጥቶ ለአባቱ አይመለስም" አሉኝ። እምቢ ብል ይሻል ነበር። ግን ርቦኛል፤ አረድሁት። እማማም በእኔ ድስት ወጥ ሠሩት።

በልቼ ሳልጨርስ ወፎቹ ዝም አሉ። ሳሕኑን እንደ ያዝሁ በጓሮ ሮጬ ቡናው ውስጥ ገባሁ። ሦስት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ጠመንጃቸውን ይዘው ግቢው መካከል ቆሙ፤ ከባሕር ዳር የሸሸ ሰው ይፈልጋሉ። ያን ሁሉ ሕግ ተምሬ፣ ላባውን አልቀበርሁትም።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ አንዱ ጎንበስ ብሎ። "በሁዳዴ? በመሪጌታ ቤት? ማን ነው የበላው?"

ማንም ክርስቲያን በጾም አይበላውም፤ እንግዳ አለ ማለት ነው። እኔ ተይዤ ግንባር ስወርድ፣ መሪጌታውና እማማም ሰው ደብቀዋል ተብለው ሲታሰሩ ታየኝ።

"እኔ ነኝ" አሉ እማማ። "አምሮኝ በላሁት።"

ሰውየው አፈረ። ጋቢውን አፍንጫው ላይ ጥሎ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በራሱ ላይ እንዲህ የሚዋሽ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም።

ሳምንት ሳይሞላ ዘጌ በሙሉ ሰማ። የሰንበቴ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው መቀመጥ ተዉ። ለንስሐ አባታቸው እንኳ እውነቱን አልነገሩም፤ ስግደት ታዘዘባቸው። ቡናው ውስጥ ሆኜ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሲወድቁ ሲነሡ አያለሁ። ወጥቼ ልናገር ብዬ ብድግ ስል መሪጌታው ክንዴን ያዙኝ። "ብትወጣ የሰገደችው ሁሉ ከንቱ ነው" አሉኝ።

ደርግ ወድቆ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ እንደገና ዘጌ ሄድሁ። ዛሬ ልጆች አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ፤ እማማ ባይኖሩ እነሱም አይኖሩም ነበር። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እውነቱን ልንገር" ብዬ ለመንኋቸው።

"ተወው፤ ሌላም ኃጢአት አለብኝ፣ ስግደቱ ለእሱ ይሁንልኝ" አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ "ይልቅስ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል። ጾም ነውና ወጡን አልቀመስሁትም። ጨው በቅቶት ነበር?"

ጨው የሚባል ነገር ጭራሽ አልገባበትም ነበር።

"በቅቶት ነበር፣ እማማ" አልኋቸው።