ቀይ የቀባሁት የበዴሳ ወንዝ ዳር

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሶዶ መናኸሪያ በሚኒባስ ስነሳ ቦርሳዬ ውስጥ ጂፒኤስ፣ ካርታና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነበሩ። ካርታውን ቢሮ ቁጭ ብዬ ከየካቲት የሳተላይት ምስል የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ለምለሙን የወንዝ ዳር አረንጓዴ፣ የተራቆተውን ቀይ ቀብቻለሁ። ደብዳቤው ደግሞ ቀዩ ሁሉ በልማት ሠራዊቱ ይታጠር፣ አራሾቹም ይነሱ ይላል። ለወረዳው ከመስጠቴ በፊት ስድስት ቀይ ነጥቦች በእግሬ ላረጋግጥ ነው የሄድኩት። እውነቱን ለመናገር ለወጉ ያህል ነበር፤ በካርታዬ እኮራ ነበር።

በዴሳ

የገበያ ቀን ስለነበር በበጎችና በበቆሎ ጆንያ መሐል ተጋፍተን ወረድን። አንድ ሞተረኛ በሃያ ብር እስከ ወንዙ ሊያደርሰኝ ተስማማ። የግንቦት ዝናብ መንገዱን ስላጨቀየው ሁለት ጊዜ ወርጄ ገፋሁ።

ወንዙ ዳር

ጂፒኤሱ የመጀመሪያው ቀይ ነጥብ ላይ መድረሴን ሲያሳየኝ ቆምኩ። የቆምኩት ግን ጥላ ሥር ነው። ግንደ ወፍራም ኮርችና ዋንዛ ተደርድረዋል፤ አናታቸው ለጋ ቅርንጫፍ አውጥቷል፣ ሥራቸው ዳሩን ጨምድዶ ይዟል። ውሃው ጠጠሩ እስኪቆጠር ጠርቷል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው።

ከጎዳሬ ማሳቸው አንዲት እናት ብቅ አሉ፤ ወይዘሮ ባሎቴ ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች ማሳ ነው። የየካቲቱ ምስል እዚህ ዛፍ የለም እንደሚል ስነግራቸው ሳቁብኝ። በበጋ ሣር ሲያልቅ ቅርንጫፉን ሁሉ ቆርጠው ለከብት እንደሚያበሉ፣ ግንዱን ግን ማንም እንደማይነካ አስረዱኝ።

"ልጄ፣ ሰው ፀጉር ተላጨ ተብሎ ይቀበራል እንዴ? ዛፉም እንደሱ ነው።"

አፈርኩ። ስለ ደብዳቤው ስነግራቸው ሳቃቸው ጠፋ።

"የኔ ማሳም ቀዩ ውስጥ አለች?"

"ነበረች እናቴ። አሁን ትወጣለች" አልኳቸው።

የተቀቀለ ጎዳሬ በዳጣ አቀረቡልኝ፤ ዳጣው እንባዬን አወረደው። ከዚያ ወንዙን ይዤ ወረድኩ። ከስድስቱ ቀይ ነጥቦች አምስቱ የተላጩ ዛፎች ነበሩ። አሸዋ የሚዛቅበት አንዱ ብቻ በእውነት ተራቁቷል።

ሶዶ

አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጭቃዬን እንደያዝኩ ቢሮ ገባሁ። ኃላፊዬ ደብዳቤው ተመልሶ ሲመጣ ፊቱን አጨማደደ፤ ፎቶዎቹን ካየ በኋላ ግን የክረምቱም ምስል ይታይ አለ። እፎይ አልኩ። ሳላየው ብሰጠውስ ኖሮ? ከእንግዲህ ከሰማይ ያየሁትን ለባለማሳው ሳላሳይ ማኅተም አላስመታም።

አምስቱን ቀይ አጥፍቼ በካርታው ኅዳግ ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፦ "የካቲት ላይ ተላጭተው ነበር።"